በአባቴ ስም የሣልሁት ፊት

የአባቴ ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ የጀመረው የኮሪያው ድራማ በየማታው ይታይ በነበረበት ክረምት ነው። ሁለቱን ለያይቼ ማስታወስ አልችልም። ድራማው ትዝ ሲለኝ እጁ ትታየኛለች፤ እጁ ትዝ ስትለኝ ደግሞ ጥቁር ባርኔጣ ያጠለቁት የቤተ መንግሥት ሠዓሊዎች ወለል ላይ ተደርድረው፣ ብሩሻቸውን እንደ ጦር ቀጥ አድርገው ይዘው ይታዩኛል።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር። ቤታችን ጎንደር፣ ቀሐ፣ ከወንዙ ብዙም ሳይርቅ ነው። በጓሮ በኩል ያለችው ክፍል መሥሪያው ነበረች። እኔም ያደግሁት እዚያችው ክፍል ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ቀለም እበጠብጥለት፣ ሸራ እወጥርለት ነበር፤ ከፍ ካልሁ በኋላም የልብሱን፣ የሰማዩን፣ የፈረሱን ገላ ቀለም እሞላለት ጀመር። መስመር ግን የእሱ ነበር። ፊትማ ጭራሽ አይታሰብም። ፊት የሚሠራው ጾሞ፣ በሩን ዘግቶ ነው። እኔ ፊት መሥራት የተለማመድሁት እሱ ሳያየኝ፣ በተራረፉ ወረቀቶች ላይ ነበር፤ ስጨርስ እቀድዳቸዋለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት የአንድ መልአክ ዓይን ላይ እያለ ብሩሹ ዘለለና ጉንጩን በጥቁር ቀለም ጫረው።

‹‹ዝንብ ናት›› አለና በጨርቅ ጠረገው።

ዝንብ አልነበረችም። ትንሽ ቆይቶ እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሲያያት አየሁት። ጣቶቹ በራሳቸው ይንቀሳቀሱ ነበር። አባቴ የሰው ዕቃ እንደሚያይ ሰው ነበር የሚያያቸው።

ሐኪም ቤት ወሰድነው። ሐኪሙ መድኃኒት አዘዘለት፤ እንደሚያረግብለት እንጂ እንደማያድነው ግን አልደበቀንም። መድኃኒቱም ቢሆን መንገድ በተዘጋ ቁጥር ከከተማው ይጠፋ ነበር። ያን ክረምት ደግሞ መንገድ ከሚከፈትበት የሚዘጋበት ይበዛል። አንዳንድ ቀን ከሩቅ ተኩስ ይሰማል፤ እማየ መስኮቱን ትዘጋና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ማንም ስለ ተኩሱ አያወራም።

አባቴን ያስጨነቀው የእጁ ሕመም ብቻ አልነበረም። በዚያው ዓመት፣ ከዳባት በላይ ባለው ደጋ ላይ ካለች አንዲት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሥራ ተቀብሎ ነበር። በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ሆኖ የተማረው እዚያ ነው። ያኔ ክፉኛ ታሞ ሳለ፣ ከዳንሁ ግድግዳሽን አስጌጣለሁ ብሎ ተሳለ። ዕድሜውን ሙሉ የሌላውን ቤተ ክርስቲያን ሲያስጌጥ ኖሮ ስለቱን ሳይፈጽም ቆየ። አሁን ጣራው አፍስሶ የድሮዎቹ ሥዕሎች በመበላሸታቸው፣ ካህናቱ ጣራውን በአዲስ ቆርቆሮ አስመትተው አባቴን ጠሩት። የላከበት የደብሩ መሪጌታ ነው። ከአባቴ ጋር አብረው ለምነው፣ አብረው የተማሩ ናቸው። እስከዛሬም ቤቱ ግድግዳ ላይ አባቴ በወጣትነቱ የሣለለት ሥዕል አለ።

በእኛ በኩል ሥዕሉ የሚሠራው እቤት ነው። ሸራው ላይ ይሣልና ተጠቅልሎ ይጓዛል፣ ከዚያ የመቅደሱ ግድግዳ ላይ በሙጫ ይለጠፋል። ስለዚህ ሲሣል ያየ ሰው አይኖርም። አባቴ ብሩሹን ለእኔ በሰጠ ቀን የተማመነው በዚህ ይመስለኛል።

‹‹ነይ እስቲ›› አለኝ። ‹‹ይችን መስመር አንቺ ሳቢልኝ።››

‹‹እኔ?››

‹‹ሌላ ማን አለ?››

ሳብሁ። ከዚያ ሌላ መስመር ሳብሁ። የመጀመሪያውን ፊት እንድሠራ የጠየቀኝ ቀን ቀና ብሎ አላየኝም። ከኋላየ ተቀምጦ በቃል ይነግረኝ ነበር፤ ‹‹ቅንድቡን ከአፍንጫው አስነሽው። አትቸኩይ። ከንፈሩን አታወፍሪው።›› ፊቱ ሲያልቅ ቀርቦ አየው። የቀደድኋቸውን ወረቀቶች አስታውሼ ወቀሳ ጠብቄ ነበር። የት ተማርሽ ብሎ ግን አልጠየቀኝም።

በማግሥቱ እማየ ገብታ ብሩሹ በእኔ እጅ፣ አባቴ ደግሞ በርጩማ ላይ ሆኖ አየችን። ሄዳ መስኮቱን ዘጋችው።

‹‹እማየ፣ ምን አጠፋሁ?››

‹‹አላጠፋሽም›› አለች። ‹‹ሰው እንዳያይሽ ብቻ።››

ፍርሃት ወደ ቤታችን የገባው በዚያች ቃል ነው። ሴት ለመቅደስ ግድግዳ አትሣል የሚል ሕግ አንብቤ አላውቅም፤ ያነበበም ሰው አላጋጠመኝም። የሣለችም ግን በአገራችን አልሰማሁም። አባቴ የፈራው ያደገበት ሕዝብ አታሎናል እንዳይለው ነበር። የስለት ሥዕል በሌላ እጅ ተሠርቶ በእሱ ስም ቀረበ ቢባል ሸራውን ከግድግዳው ልጠው ያወርዱታል ብሎ ያስብ ነበር። እማየ ደግሞ የሰው አፍ ትፈራለች። ሴት ልጅ ቤተ ክርስቲያን በማትገባባቸው ቀናት መሥሪያ ክፍሉን እንዳልረግጥ የጓሮውን በር ቁልፍ በመቀነቷ ቋጥራ ትይዘው ነበር። ነገሩ አንድ ቀን መጠየቁ እንደማይቀር ከሁላችንም ቀድማ ያወቀች እሷ ናት።

ድራማው የጀመረው በዚሁ መሃል ነው። ስለ አንዲት ልጅ ነበር። ወንድሟ ለንጉሡ የሥዕል ቤት ተመርጦ ሳለ ይታመማል፤ እሷ ፀጉሯን እንደ ወንድ ጠቅልላ፣ በእሱ ስም ገብታ ከሠዓሊዎቹ መሃል ትቀመጣለች። ከታወቀባት ቅጣቱ ሞት ነው፤ የሚቀጣውም ቤተሰቡ ሁሉ ነው። የሚናገሩት በአማርኛ ነው፤ አፋቸውና ድምፁ ግን አይገጥምም፤ ሴትዮዋ አፏን ከዘጋች በኋላም ድምፅዋ ይቀጥላል። እማየ አንድም ቀን ሳታሳልፍ ትከታተለዋለች። አባቴ መጀመሪያ ላይ በጸሎት ሰዓት ቴሌቪዥን ብሎ ተቆጣ። በኋላ በሩ ላይ ቆሞ ማየት ጀመረ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

‹‹ብሩሹን አያያዛቸው ሸጋ ነው›› ይላል። ‹‹ክንዳቸው ነው የሚሠራው፤ ጣታቸው አይደለም።››

ቀለም ቤቱን የሚጠብቅ አንድ ሽማግሌ ነበር በድራማው። አይናገርም። ልጅቱ ቀለም ልትወስድ በመጣች ቁጥር አንገቷን፣ ጣቷን፣ አረማመዷን ያያል። እማየ እሱ ብቅ ሲል ነጠላዋን ወደ አፏ ትወስዳለች። መብራት የሚሄደው ደግሞ ሁልጊዜ እሱ ብቅ ሲል ይመስለን ነበር፤ ጨለማው ውስጥ ሦስታችንም መብራቱን እንጠብቃለን። ማናችንም ስለ እኛ ቤት አንናገርም።

አንድ ማታ ያ ሽማግሌ ሁለት ሥዕሎች ጎን ለጎን ዘረጋ። አንዱ ወንድሟ ሳይታመም በፊት የላከው ነው፤ ሌላው እሷ የሠራችው። በጣቱ መስመሮቹን እየተከተለ፣ ወንድምየው መስመር ሲጀምር ጫን ብሎ ሲጨርስ እንደሚያሳሳው፣ የዚህኛው ግን ቀስ ብሎ ጀምሮ መጨረሻው ላይ እንደሚወፍር ለአለቃው አሳየው። ‹‹የሰው ስም ይለወጣል›› አለ፤ ‹‹እጁ ግን አይለወጥም።››

አባቴ ተነሥቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋው።

‹‹ምነው?›› አለች እማየ።

‹‹በቃ›› አለ።

በማግሥቱ የድሮ ሥራዎቹን ከሳጥን አውጥቶ ፊቴ ዘረጋልኝ። ‹‹እንደ እኔ ሥሪ›› አለኝ። ቀኑን ሙሉ የእሱን ዓይን፣ የእሱን ጣት፣ የእሱን የልብስ እጥፋት እየገለበጥሁ ዋልሁ። እጄ ግን እንቢ አለችኝ። የእሱ ቅዱሳን የሚመለከቱት ቆጣ ብለው ነው፤ የእኔዎቹ ልክ እንደሱ ላድርግ ብየ ስነሣም እንኳ መጨረሻ ላይ በሆነ ነገር ያዘኑ ይመስላሉ። ያን ጊዜ ነው ሥራየን መጥላት የጀመርሁት። ፊት ባማረልኝ ቁጥር የእኔ መሆኑ ይበልጥ ይታወቅ ነበር።

በመስከረም መጨረሻ፣ ከቀትር በኋላ፣ በራችን ተንኳኳ። እማየ ከደጅ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ‹‹መሪጌታ፣ እንደምን ዋሉ? ምነው ሳይነግሩን!›› ስትል ሰማን። ድምፅዋን ከፍ ያደረገችው ለእኛ ነው።

መሥሪያዋ ክፍል አንድ በር ብቻ ነበራት። ከዚያ ብወጣ ግቢው ውስጥ ያገኘኛል። እጄ እስከ አንጓየ ቀለም ነው። ትልቁ ሸራ፣ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ያለችበት፣ በእንጨት ተወጥሮ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። አባቴ በዓይኑ አሳየኝ። ከሸራው ኋላ ገባሁ። እሱ ብሩሹን አጠገቡ አስቀምጦ ቀኝ እጁን ጋቢው ውስጥ ደበቀ።

መሪጌታ ገባ። ሰላምታ ተለዋወጡ፤ የአገሩን ወሬ፣ የመንገዱን ክፋት አነሡ። ለሀገረ ስብከት ጉዳይ እንደመጣና ሳያየን ማደር እንዳልፈለገ ነገረው። ከዚያ የጫማው ድምፅ ወደ ሸራው ቀረበ። ከበሩ በኩል በሚመጣው ብርሃን ጥላው ጨርቁ ላይ ሲያርፍ አየሁ። በእሱ ፊትና በእኔ ፊት መካከል የነበረው ያ ጨርቅ ብቻ ነው። ሲተነፍስ ይሰማኛል። እኔ መተንፈስ አቁሜ ነበር።

‹‹ሸጋ ነው›› አለ። ቆየና፣ ‹‹እጅህ ግን ተለውጧል።››

‹‹እኔስ መቼ እንደ ድሮው ነኝ?›› አለው አባቴ።

‹‹የድሮዎቹ ይቆጡኝ ነበር። የቤቴ ሥዕል እስከዛሬ ይቆጣኛል። ይህች ግን የምታዝንልኝ ትመስላለች።››

‹‹እርጅና ነው።››

‹‹ይሁን። እስቲ ሣል፤ እንደ ልጅነታችን ቁጭ ብየ ልይህ።››

ግድግዳውን በጀርባየ ተደገፍሁ።

‹‹ሰው እያየኝ መሥራት ትቻለሁ›› አለ አባቴ። ‹‹ፊቱ ይጠፋብኛል።››

መሪጌታ ሳቀ። እማየ ምግብ አቅርቤያለሁ ብላ ጠራቻቸው። ሲወጡም ወዲያው አልተነሣሁም፤ እማየ መጥታ በክንዴ ጎትታ እስክታወጣኝ ድረስ እዚያው ተቀምጬ ነበር። አባቴ ያን ማታ እራት አልበላም። ያን ሰው ሲዋሸው ይህ የመጀመሪያው እንደሆነ ለእማየ ሲነግራት ሰማሁት።

ሥራው አልቆ ለኅዳር ንግሥ እንዲደርስ ሸራዎቹን ይዘን ተነሣን። እማየ ቤት ቀረች። እኔ የሄድሁት አባቴ ብቻውን ስለማይችል ነው፤ ለሰው የተነገረውም ሽማግሌ አባቷን ልትደግፍ ነው ተብሎ ነው። ሸራዎቹ በሸምበቆ ላይ ተጠቅልለው፣ በላስቲክ ተሸፍነው፣ ሚኒባሱ ጣራ ላይ ታሰሩ። መንገዱ ተከፍቷል ተብሎ ነበር።

ከአምባ ጊዮርጊስ አልፈን ጥቂት እንደሄድን መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ አገኘን። የታጠቁ ሰዎች ነበሩ። ከየትኛው ወገን እንደሆኑ አልጠየቅንም፤ ማንም አይጠይቅም። ሁላችንንም አስወርደው አሰለፉን። አንድ ጎልማሳ ጣራውን አየና በጠመንጃው አፈሙዝ አመለከተ።

‹‹ያ ረጅሙ ምንድን ነው?››

‹‹የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው›› አለ አባቴ።

‹‹አውርደህ ፍታው።››

ረዳቱ አወረደው። አባቴ ጎንበስ ብሎ ገመዱን ያዘ። ጣቶቹ ቋጠሮውን ማግኘት አልቻሉም። እኔ ልፈታው ብየ አንድ እርምጃ ወጣሁ።

‹‹አንቺ ቁሚ›› አለኝ። ‹‹እሱ ይፍታው።››

ቆምሁ። ሰው ሁሉ የአባቴን እጅ ያያል። ጎልማሳው ቀረብ አለ።

‹‹ምነው አያ፣ ምን ደብቀህ ነው የምትንቀጠቀጥ?››

‹‹ብርድ ነው፣ ልጄ።››

ፀሐዩ አናት የሚበሳ ነበር። ጎልማሳው ቢላ አውጥቶ ገመዱን ቆረጠና ሸራውን በእግሩ ገፍቶ አስፋልቱ ላይ ዘረጋው። የእመቤታችን ፊት ወደ ሰማይ ተገለጠ። ከተሰለፉት አንዳንዶቹ አማተቡ። እሱም ኮፍያውን አወለቀ።

‹‹ማን ነው የሣላት?››

‹‹እኔ ነኝ›› አለ አባቴ።

ጎልማሳው ፊቱን አየ፤ እጁን አየ፤ ደግሞ ፊቱን አየ። ‹‹በዚህ እጅ?››

አባቴ እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተ። እኔ ያኔ ምን እንዳሰብሁ አስታውሳለሁ። የሚገድሉን በመሣሪያ ምክንያት ሳይሆን በዚህ ውሸት ነው ብየ አሰብሁ። ሌላ ሰው ከኋላ ጠራውና ዘወር አለ። ‹‹ጠቅልሉትና ሂዱ›› አለ። ሁለት ታጣቂዎች ራሳቸው ፈጠን ፈጠን ብለው ጠቀለሉት፤ ሸምበቆውን ሳያስገቡ፣ እንደ ብርድ ልብስ አጥፈው። አጥፋችሁታል ለማለት የደፈረ አልነበረም።

ከዳባት በበቅሎና በእግር ወጣን። መሪጌታ ከነካህናቱ ወጥቶ ተቀበለን፤ አባቴን አቅፎ ጉንጩን ሳመው። ሸራዎቹ ቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ ተዘረጉ። ትልቁ ሲፈታ የፈራሁትን አየሁ። የታጠፈበት መስመር በእመቤታችን ግራ ዓይን ላይ ሄዷል፤ ቀለሙ ተሰነጣጥቆ፣ ዓይኗና የጉንጯ ጫፍ ተቀርፏል።

ካህናቱ አዘኑ። መሪጌታ ግን፣ ‹‹ምን ያሳስባችኋል? ሠዓሊው እኮ አብሮን ነው። ከተለጠፈ በኋላ ያስተካክለዋል›› አላቸው።

አባቴ አየኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ለብቻችን የምንሆንበት ጥቂት ጊዜ ባገኝ ዓይኗን ላድናት እችል ነበር። ግን ቤተ ክርስቲያኑ ከሰው አልተለየም፤ ለንግሡ የሚያዘጋጁ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ወጣቶቹ ሙጫውን ቀቡ፤ ሸራው ወደ መቅደሱ ግድግዳ ወጣ፤ በጨርቅ ተዳምጦ ተጣበቀ። ከዚያ መሰላል መጣ።

ቀለሙን የበጠበጥሁት እኔ ነኝ። ብሩሹን ስሰጠው ጣቶቹ ቀዝቅዘው ነበር። ቀስ እያለ ወጣ። መሪጌታ ራሱ መሰላሉን ያዘለት። ሽማግሌዎቹ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ሴቶች በበራቸው በኩል ያያሉ። አባቴ ክንዱን አነሣ። የብሩሹ ጫፍ ከፊቷ ፊት ለፊት ይርገበገባል። በግራ እጁ ቀኝ አንጓውን ጨምድዶ ያዘ። ያን ጊዜ እሱ ራሱ መሰላሉን የሚይዝበት እጅ አልነበረውም። ዘንበል አለ። ይወድቃል ብየ ፈራሁ፤ ሳይወድቅ ፊቷን በጥቁር ይጭራታል ብየም ፈራሁ፤ ሁለቱ እኩል ያስፈሩኝ ነበር።

‹‹አባየ፣ ውረድ።››

ከአፌ መውጣቱን ያወቅሁት ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ነው። ጮክ አላልሁም። ያ ክብ ቤት ግን ትንሹንም ድምፅ ያጎላል።

አባቴ ወረደ። ብሩሹን ያዘና መሪጌታ ፊት ቆመ።

‹‹ይህን ፊት የሣልሁት እኔ አይደለሁም›› አለ። ‹‹ይችው ልጄ ናት። ሌሎቹንም እሷ ናት። እጄ ከከዳችኝ ሰነበተች።››

‹‹ሴት?›› አለ አንድ ሽማግሌ ከኋላ።

መሪጌታ መሰላሉን ለቀቀ። ‹‹ውጭ ጠብቁን›› አለን።

ቅጥሩ ውስጥ ጥድ ሥር ተቀመጥን። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበ። ከውስጥ የሽማግሌዎቹ ድምፅ ከፍ ዝቅ ይላል። አንድ ጊዜ መሰላሉ ሲጎተት ሰማሁና ሸራው እየተላጠ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንሁ። ሙጫው ገና እርጥብ ነው፤ ቢስቡት ይመጣል።

አንዲት አሮጊት መነኩሲት በመቋሚያቸው እየዳበሱ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ዓይናቸው ሞራ ለብሶ ነበር።

‹‹የሣልሽው አንቺ ነሽ አሉ።››

‹‹አዎ፣ እማሆይ።››

‹‹እኔ አይታየኝም። እስቲ ንገሪኝ፣ ምን ትመስላለች?››

መጎናጸፊያዋ ሰማያዊ መሆኑን፣ ልጇ የቀሚሷን ጫፍ እንደያዘ፣ ጣቶቿ ረጃጅም እንደሆኑ ነገርኋቸው። ስለ ዓይኗ ሲጠይቁኝ አንዱ እንደተበላሸ ነገርኋቸው።

‹‹እንደ እኔ›› አሉ። ተነሥተው አልሄዱም፤ መሪጌታ እስኪወጣ ድረስ እዚያው አጠገቤ ነበሩ።

መሪጌታ ሲወጣ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ወደ አባቴ ሳይሆን ወደ እኔ መጣ።

‹‹አንድ ነገር መልሽልኝ። ንጽሕናሽን ጠብቀሽ ነው የሠራሽው?››

‹‹አዎ። በማይገባኝ ቀን ክፍሉን አልረገጥሁም። ቁልፉ እናቴ ዘንድ ነበር።››

ራሱን ነቀነቀ። ‹‹ሁሉም አልተስማሙም። ግማሾቹ ይውረድ ብለዋል። እኔ ሙጫው ደርቋል፣ ከወረደ ይቀደዳል አልኋቸው።›› ሙጫው እንዳልደረቀ እሱም እኔም እናውቃለን። ‹‹ዓይኗን ጨርሽው። በሩ ይዘጋል። ከሥሩ ስም አይጻፍም፤ የእሱም፣ የአንቺም።››

ከዚያ ወደ አባቴ ዞረ።

‹‹ሌላው ይቅር። እኔን ግን ለምን? እቤትህ መጥቼ፣ ሣል ልይህ ብየ…››

‹‹ፈራሁ›› አለ አባቴ።

‹‹እኔን?››

መሪጌታ ጥቂት ቆሞ ጠበቀው፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ገባ።

በሩ ተዘጋ። ውስጥ የቀረነው መሪጌታና እኔ ነን። መሰላሉን ያዘልኝና ወጣሁ። ከዚያ ፊት ጋር እኩል ስሆን እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ያን ያህል ጊዜ ተደብቄ ስሠራ አንድም ቀን ተንቀጥቅጣ አታውቅም። የአባቴ ሕመም ተላልፎብኛል ብየ በጣም ደነገጥሁ። አንጓየን ግድግዳው ላይ አሳርፌ ጠበቅሁ። ታች ያለው ሰው አላስቸኮለኝም። እጄ ሲበርድላት የዓይኗን ቆብ ሳብሁ፣ ከዚያ ብሌኑን፣ በመጨረሻም ጉንጯን። ከቀኙ ዓይን ጋር ፍጹም አልገጠመም፤ ትንሽ ከፍ ብሏል። ቀና ብሎ ያየ ሰው ያውቀዋል።

‹‹ተጠንቅቀሽ ውረጅ›› አለኝ መሪጌታ።

ለንግሡ አልቆየንም። በማግሥቱ ማልደን ወረድን። የመጣንበት መንገድ ላይ ድንጋዮቹ ዳር ተገፍተው ነበር፤ ሰው አልነበረም። አባቴ እጁን ጋቢው ውስጥ ሳይደብቅ ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። አጠገቡ የነበረች ሴት ምን ሆነው ነው ብላ ስትጠይቀው ስለ ሕመሙ ሁሉንም ነገራት። ለማያውቀው ሰው ስለ እጁ ሲናገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው።

እማየ የድራማውን ፍጻሜ ብቻዋን አይታው ነበር። ልጅቱ አለመሞቷን፣ ግን ዳግመኛ ቤተ መንግሥት አለመግባቷን ነገረችን። አባቴ አይ ብሎ እንደገና እንድትነግረው ጠየቃት፤ ሁለተኛ ስትነግረው ታሪኩ ትንሽ ተለወጠ፤ ሳቀባት። እኔ መስኮቱን ከፈትሁት። እማየ አየችኝና አልዘጋችውም፤ ግን ያን ቀን ደጋግማ ወደ አጥሩ በኩል ስታይ ነበር።

አባቴ ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመታት ኖረ። ከመሪጌታ ጋር በበዓል በበዓል በስልክ ይጠያየቃሉ፤ ንግግራቸው ግን አጭር ሆነ። ሲያርፍ መንገድ ተዘግቶ ስለነበር መሪጌታ መምጣት አልቻለም። ስልክ ደውሎ ለእማየ ሲያለቅስላት፣ እሷም ስታባብለው ሰማሁ።

አሁን እዚሁ ጎንደር፣ አራዳ ጠባብ ቤት ተከራይቼ እሠራለሁ። ሰዎች ገብተው ሠዓሊው የለም ወይ ይሉኛል። እኔ ነኝ እላለሁ። አንዳንዱ ቁጭ ብሎ ያዝዛል፤ አንዳንዱ ሌላ ቀን እመጣለሁ ብሎ ይሄዳል። ይህን ሁሉ ለምጄዋለሁ። ያልለመድሁት ከደጋው በኩል የማላውቀው ቁጥር ሲደውል ነው። አወረዱት የሚሉኝ ይመስለኛል፤ ስልኩን ከማንሣቴ በፊት ቁጭ እላለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከዚያው አገር የመጣ አንድ ገበሬ ቤቴ ገባ። የዞን ቢሮ ጉዳይ ኖሮት ነው የመጣው፤ ቤቴን ያመለከተው መሪጌታ እንደሆነ ነገረኝ። ቆሞ ዙሪያውን አየ።

‹‹ምን ሆነ?›› አልሁት። አፌ ደርቆ ነበር።

‹‹ምንም አልሆነ። ክረምቱ ከብዶ በሰሜን በኩል እርጥበት ገባ። የትልቁ ሥዕል የታችኛው ጠርዝ ተነሥቷል። መሪጌታ ሙጫ ይዛ ትምጣ ብለዋል።››

‹‹እኔ?››

‹‹ሌላማ ማንን ያውቃሉ?›› አለኝ።

መንገዱ ሰላም ነው ወይ ብየ ጠየቅሁት። ትከሻውን ነቀነቀ። ውኃ ሰጠሁትና ጠጥቶ ሄደ። እኔ ከመደርደሪያው ላይ የሙጫውን ቆርቆሮ አውርጄ ምን ያህል እንደቀረ ከፍቼ አየሁ።